ቅርንፉዱም ሐኪሙ ዘንድ አለ

ከመርሳ ወደ ወልድያ ሲኬድ አስፋልቱ ዳር የምትገኘው ሲሪንቃ ስሟ የሚነሳው በግብርና ምርምር ማዕከሏና በማሽላ ዝርያዎቿ ነው። እኔ ግን ሲሪንቃ ሲባል ቀድሞ የሚታወሰኝ የማሽላው ዘመድ ጥንቅሽ ነው። ልጆች አገዳውን በክራንቻ ጥርሳቸው ይልጡታል፣ አንጓውን በመንጋጋ ያደቁታል፣ ጭማቂውን መጥጠው ምጣጩን ይተፋሉ። ቀኑን ሙሉ ነው ይህ። ከስኳሩ በላይ ጥርስን የሚጎዳው ደግሞ ቀኑን ሙሉ መሆኑ ነው፤ አፍ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ጣፋጭ ባገኘ ቁጥር አሲድ ያመርታል፣ አሲዱም የጥርሱን ልባስ ይበላዋል። በሦስት ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ ቡና ከአቦል እስከ በረካ ሲዘልቅም ነገሩ ያው ነው።

ማታ ጉንጩን ይዞ የሚቀመጥ ሰው አይጠፋም። «አብሽር» ይሉታል። አንዷ እትዬ ቅርንፉድ ንከስበት፣ ሌላዋ ነጭ ሽንኩርት፣ ሌላው አረቄ ያዝበት ይላሉ። አሁን አሁን ደግሞ ከጅዳ ወይም ከሪያድ ዘመድ የላከው ቪዲዮ አለ፦ «ሆሊስቲክ የጥርስ ሕክምና»፣ በአማርኛ ሁለንተናዊ እንበለው። ፍሎራይድ መርዝ ነው፣ በብረት የተሞላ ጥርስ ሜርኩሪ ነው፣ ሥሩ የታከመ ጥርስ በሽታ ይዘራል ይላል። የእትዬ ምክርና የቪዲዮው ምክር አንድ ላይ ሲገጥሙ እውነቱ የቱ ጋ እንዳለ መለየት ይቸግራል። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ሁለንተናዊው ሰውየውን ያያል፣ መደበኛው ጥርሱን ብቻ።» ቆንጆ አባባል ነው፤ ልክ ግን አይደለም። ደንበኛ የጥርስ ሐኪም ጉጠት ከማንሳቱ በፊት ስኳር አለብህ ወይ፣ ደም ግፊትስ፣ የምትወስደው መድኃኒት አለ ወይ፣ ሴት ከሆነች ነፍሰ ጡር ናት ወይ ብሎ ይጠይቃል። ሰው ሠራሽ የልብ በር ያለው ሰው ጥርስ ሲነቀል ከድድ ወደ ደም የሚገባው ባክቴሪያ ልቡ ላይ ሊያርፍ ስለሚችል ቀድሞ ፀረ ባክቴሪያ ይሰጠዋል። የስኳር በሽታ ድድን ያባብሳል፣ የታመመ ድድም ስኳሩን ለመቆጣጠር ያስቸግራል። ይህ ሁሉ በመደበኛው የጥርስ ሕክምና የሚሰጥ ትምህርት ነው። ሰልፍ በበዛበት ክፍል ጥያቄው የሚዘለልበት ቀን መኖሩን ግን አልክድም፤ ካልጠየቁዎት ራስዎ ይንገሩ። በውጭ አገር «ሆሊስቲክ» የሚል ታፔላ የሚሰቅሉ የጥርስ ሐኪሞችም የተማሩት ያንኑ ትምህርት ነው። ልዩነቱ ያለው በሚመርጡት የመሙያ ዓይነትና በሚጠራጠሩት ነገር ላይ ነው፤ ከጥርጣሬያቸው ውስጥ አንዳንዱ መሠረት አለው፣ አብዛኛው ግን የለውም።

«ቅርንፉድ የሴቶች መድኃኒት ነው።» የሐኪምም ነው። ቅርንፉድ ውስጥ ያለው ዩጂኖል የሚባል ዘይት ሕመም ያደነዝዛል። የጥርስ ሐኪሞች ከዚንክ ኦክሳይድ ዱቄት ጋር ለውሰው ለጊዜያዊ ሙሌት ሲጠቀሙበት ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። የጥርስ ክሊኒክ ገብታችሁ የሸተታችሁ ያ ሽታ ቅርንፉድ ነበር። እዚህ ላይ እትዬ ልክ ነበሩ። ቅርንፉዱ ግን ሌሊቱን ያሻግራል እንጂ ጉድጓዱን አይደፍንም። ነጭ ሽንኩርቱንና አረቄውን ግን ተዉት፤ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ድድ ላይ ሲያድር ሥጋውን ያቃጥለዋል፣ በማግስቱ የሚመጣው ሰው ሁለት ሕመም ይዞ ነው።

መፋቂያን እንደ ኋላ ቀርነት የሚያዩ አሉ። የወይራም ሆነ የክትክታ ጭራሮ ጫፉ ታኝኮ እንደ ብሩሽ ሲበተን፣ ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ ቀስ ተብሎ ከተፋቀበት፣ ጥርስ ላይ የተለጠፈውን ቆሻሻ ያነሳል። ሙስሊሙ ሲዋክ ይለዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ልማዱ ባለበት አገር ሁሉ እንዲቀጥል መክሯል። ጉድለቱ ሁለት ነው፦ የመንጋጋ ጀርባ ላይ አይደርስም፣ ፍሎራይድም የለውም።

ፍሎራይድ ካነሳን ዘንዳ «ፍሎራይድ መርዝ ነው» የሚለው ለኢትዮጵያ ጆሮ ባዶ ወሬ አይደለም። በስምጥ ሸለቆ፣ በወንጂ፣ በመቂና በዝዋይ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ በተፈጥሮው ብዙ ፍሎራይድ ስላለው ጥርሳቸው ቡናማ ሆኖ ያደጉ ሰዎች ብዙ ናቸው። በወንጂ ስኳር ፋብሪካ ያን ውሃ ለዓመታት የጠጡ ሠራተኞች አከርካሪያቸው እስከ መድረቅ መድረሱን የኢትዮጵያ ሐኪሞች መዝግበውታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። የወንጂው ችግር በየቀኑ መጋት ነው፤ የጥርስ ሳሙናው ደግሞ ተቦርሾበት የሚተፋ ነው። ለትንሽ ልጅ የሩዝ ፍሬ ታህል፣ ሦስት ዓመት ላለፈው የአተር ፍሬ ታህል ከሆነ ጥቅሙ እንጂ ጉዳቱ አይታይም። ቪዲዮው መጠን የሚባለውን ነገር ነው የረሳው።

ሜርኩሪውስ? ብርማው ሙሌት፣ አማልጋም የሚባለው፣ ግማሽ ያህሉ ሜርኩሪ መሆኑ እውነት ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ በአብዛኛው አግዶታል፤ ዋናው ምክንያት የአካባቢ ብክለት ነው። ስለዚህ ነጩን መሙያ ካገኛችሁ ምረጡ። ደኅና የተቀመጠ አሮጌ ሙሌት ግን «መርዝ ነው» ተብሎ አይቆፈርም፤ ሲሰረሰር የሚወጣው ተን ዝም ብሎ ከሚቀመጥበት ይብሳል። ሥሩ የታከመ ጥርስ በሽታ ይዘራል የሚለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ዌስተን ፕራይስ የሚባል በአሜሪካ ይሠራ የነበረ የጥርስ ሐኪም ያስፋፋው ሐሳብ ነው። በኋላ በጥንቃቄ የተሠሩ ምርምሮች አልደገፉትም፤ በጊዜው ግን ስንቱ ደኅና ጥርሱን ተነቅሏል።

እኔን ግን ከዚህ ሁሉ የሚያሳስበኝ ጥርስ የሚበላ ትል አለ የሚለው እምነት ነው። የአስተናግር ፍሬ ፍም ላይ ይደረግና ጢሱ ወደ አፍ እንዲገባ ይደረጋል። ከዚያ ሥር በተቀመጠ ውሃ ላይ ነጭ ክር መሳይ ነገር ይወድቃል፣ «ይኸው ወጣ!» ይባላል። የወጣው ከጥርስ ሳይሆን ከፍሬው ነው፤ በሙቀት የፈነዳ የዘር ሽል ትል ይመስላል። ፈረንሳዊው ፒየር ፎሻር እ.ኤ.አ. በ1728 ባሳተመው መጽሐፍ ትሉን ፈልጎ እንዳጣው ጽፏል። ጢሱ ሕመሙን ሊያስታግስ ይችል ይሆናል፤ አስተናግር ግን አእምሮ የሚያስት፣ ልብ የሚያስሮጥ መርዝ ያለው ተክል ነው። የተፈጥሮ መሆኑ አያድነውም።

ይኸው ትል ወደ ሕፃናት ሲሻገር ይከፋል። ልጅ ተቅማጥና ትኩሳት ሲይዘው ድዱ ላይ ነጭ እብጠት ታይቶ «ግግ ነው» ይባላል፤ ባልተቀቀለ መሣሪያም ይወጣል። የወጣው ገና ያልበቀለ የክራንቻ ጥርስ እምቡጥ ነው። ወደ እስራኤል በገቡ ቤተ እስራኤላውያን ልጆች አፍ ውስጥ የጎደሉ ክራንቻዎችን የዚያ አገር ጥርስ ሐኪሞች አይተው ጽፈዋል። ልጁ ከሞተ የገደለው ተቅማጡ ሊሆን ይችላል፣ ደሙ ወይም ቁስሉም ሊሆን ይችላል። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 561 የወተት ጥርስ በማውጣት ሕፃን እንዲሞት ያደረገን ሰው ይቀጣል።

«የላይ ጥርስ ሲነቀል ዓይን ይጠፋል።» አይጠፋም። የጥርሱ ነርቭ ሌላ ነው፣ የሚያሳየው ነርቭ ሌላ። ዓይንን የሚያሰጋው ሳይነቀል የቆየው ጥርስ መግል ነው።

የመጨረሻው ተረት ከሁሉም ይደመጣል፦ «ሕመሙ ተወኝ፣ ድኛለሁ።» ሦስት ሌሊት ሲጠዘጥዝ የነበረ መንጋጋ በአራተኛው ጸጥ ካለ ጥርሱ ውስጥ ያለው ነርቭ ሞቶ ሊሆን ይችላል፤ ባክቴሪያው ግን ወደ አጥንቱ መንገዱን ይቀጥላል። ሳምንት ወይም ወር ቆይቶ ጉንጭ ያብጣል። እብጠቱ ወደ አገጭ ሥር ወርዶ፣ ምራቅ መዋጥ ወይም አፍ መክፈት ካስቸገረ፣ ትኩሳት ካለ፣ ገበያ እስኪበተን ወይም እስኪነጋ አይጠበቅም፤ በተገኘው መኪና ወልድያ ሆስፒታል ነው የሚኬደው። ቅርንፉዱን በጉንጭ ይዞ መሄድ ይቻላል።