የራጅና የጨረር ክፍል የሚያድስ መሐንዲስ ስለ መምረጥ

በ1888 ዓ.ም. መጀመሪያ ቪልሄልም ሮንትገን የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ሥጋን ዘልቆ አጥንትን የሚያሳይ ጨረር አገኘ። በዚያው ዓመት በየካቲት የዓድዋ ጦርነት ሆነ፤ ወራትም ሳይቆዩ ከኢትዮጵያ ቆስለው በተመለሱ በሁለት የኢጣልያ ወታደሮች ክንድ ውስጥ የቀረው ጥይት በናፖሊ የጦር ሆስፒታል በዚሁ ጨረር ተፈለገ። በዚያን ጊዜ ጨረሩ እንደሚጠቅም እንጂ እንደሚጎዳ በደንብ አልታወቀም ነበርና ከቀደሙት ባለሙያዎች አያሌዎቹ ጣታቸውን፣ አንዳንዶቹም ሕይወታቸውን ከፈሉበት። ዛሬ በራጅ ክፍል ግድግዳ ውስጥ የሚገባው እርሳስ ከዚያ የተገኘ ትምህርት ነው።

ይህ ነገር በለሚ ኩራ ሊታሰብበት የተገባ ነው። ክፍለ ከተማው በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ የቆመ ሲሆን በሰሚት፣ በአያትና በቦሌ አራብሳ የሰፈረው ብዙ ሕዝብ የሕክምና ቤት ይሻል። በአዲስ አበባ ደግሞ ለመኖሪያ ወይም ለንግድ ታስቦ በታነጸ ፎቅ ውስጥ የሚከፈተው ሆስፒታል ጥቂት አይደለም። እንዲህ ባለው ቤት ሲቲ ስካን ወይም ኤም አር አይ ለማስገባት የተነሣ አስተዳዳሪ ከመሣሪያው ዋጋ አስቀድሞ ሊጨነቅበት የሚገባው ክፍሉን የሚያድስለትን አርክቴክት መምረጥ ነው።

ዳሩ ግን ምርጫው ብዙ ጊዜ የሚደረገው በዋጋ ማነስና በቀለም ባጌጠ ሥዕል ነው። ሥዕል ማማሩ ነውር አይደለም፤ ነገር ግን ከግድግዳው ወዲያ ማን እንደሚቀመጥ አይናገርም። ስለዚህ አመልካቹ በሚያሳየው ብቻ ሳይሆን በሚጠይቀውም ይመዘናል። ሙያውን ያወቀ ሰው መንደፍ ሳይጀምር፤ የመሣሪያው ክብደት ስንት ነው? ወለሉስ ይሸከመዋልን? በየትኛው በር ይገባል? ከላይ ባለው ፎቅ ማን ይተኛል? ከጎኑ ባለው ሱቅ ነፍሰ ጡር ሴት ትውል እንደ ሆነስ? ይላል። በዓለም አቀፍ ደንብ በጨረር ሥራ ላይ ላለ ሰው በዓመት በአማካይ 20 ሚሊ ሲቨርት ሲፈቀድ ለጎረቤቱ የተፈቀደው 1 ብቻ ነውና ጥያቄው የዋዛ አይደለም።

በራጅ ክፍል 2 ሚሊ ሜትር ያህል የእርሳስ ንጣፍ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ነገር ግን ለኤሌክትሪክ ሶኬት የተበሳ አንድ ቀዳዳ ድካሙን ሁሉ ከንቱ ሊያደርገው ይችላል። ኤም አር አይ እንደ ራጅ ያለ ጨረር የለውም፤ ማግኔቱ ግን የኦክስጅን ሲሊንደርን ከሰው እጅ ነጥቆ ያስወነጭፋል። ለካንሰር ሕክምና የሚሆነው የጨረር መሣሪያ ደግሞ 2 ሜትርና ከዚያም የሚበልጥ የኮንክሪት ግድግዳ ይሻል። ይህን በተከራዩት ፎቅ ላይ ማቆም እንደማይሆን በግልጥ የሚናገር አርክቴክት፣ ይቻላል ብሎ ከሚፈርመው ይሻላል።

ቤተ ክርስቲያን የሚያንጽ ሰው ቅኔ ማኅሌቱን ከቅድስቱ፣ ቅድስቱን ከመቅደሱ ለይቶ ማን እስከ የት እንደሚገባ አውቆ እንደሚሠራ ሁሉ፣ የሆስፒታሉም ነዳፊ በሽተኛው፣ አስታማሚውና ባለሙያው እስከ የት እንደሚደርሱ መለየት አለበት። ለምርመራ ልብሷን የለወጠች ሴት በአስታማሚ ሁሉ ፊት እንድታልፍ የሚያስገድድ መተላለፊያ የተበላሸ ንድፍ ነው።

ቤቱ ካልተዘጋጀ ምን እንደሚሆን ኢትዮጵያ አይታዋለች። የጨረር ሕክምና በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በ1990 ዓ.ም. ገደማ በኮባልት መሣሪያ ከተጀመረ ወዲህ ለብዙ ዓመታት ሌላ መሄጃ ስላልነበረ ሕሙማን ተራ ለማግኘት ወራት ይጠብቁ ነበር። መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች አዳዲስ መሣሪያዎች ባዘዘ ጊዜም የኮንክሪቱ ቤት መዘግየት ሥራውን አዘገየው። ካንሰር ግን ግንበኛ አይጠብቅም።

በጨረታ የሙያውና የዋጋው ሰነድ በተለያየ ፖስታ ቀርቦ የሙያው አስቀድሞ መመዘኑ መልካም ነው፤ ጉድለቱ ከመዛኞቹ ላይ ነው። በኮሚቴው የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ፣ የራጅ ባለሙያና ነርስ ካልተቀመጡ የገንዘብ ሹም ብቻውን ስለ እርሳስ ውፍረት ምን ሊፈርድ ይችላል? አመልካቹ ከዚህ ቀደም የሠራውን ክፍል ሄዶ ማየት፣ በዚያ የሚሠሩትንም እርሱ በሌለበት መጠየቅ ይገባል። ውሉም ንድፍ በማስረከብ አይለቅ፤ እርሳሱ በልስን ከመሸፈኑ በፊት ቆሞ የሚያይ ያስፈልጋልና። በ2009 ዓ.ም. ስለ ጨረራና ስለ ኒውክሌር ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1025 የጨረር ሥራ ያለ ፈቃድ እንዳይካሄድ ከልክሏል። ስለዚህ ንድፉ ግድግዳ ከመፍረሱ በፊት ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ይቅረብ፤ ሥራው ሲያልቅም የመጀመሪያው በሽተኛ ከመግባቱ አስቀድሞ መሣሪያው ተነሥቶ ጨረሩ በጎረቤቱ በኩል ባለው ግድግዳ ይለካ።