በሽንት መንገድ ስለሚበቅሉ ክፉ ያልሆኑ ዕጢዎች

ሕመም ሲጠና ሰው ሁሉ ወደ ሐኪም ይሮጣል፤ ዝም ሲል ግን ብዙ ሰው የዳነ ይመስለዋል። ይልቁንም ደዌው በሚታፈርበት የአካል ክፍል የሆነ እንደ ሆነ ታማሚው ለቤተ ሰቡ እንኳ ሳይናገር ወራት ያሳልፋል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የተባለውም ስለዚህ ነው።

በኩላሊት፥ ከኩላሊት ወደ ፊኛ በሚወርደው ቧንቧና በፊኛ ውስጥ ዕጢ ሊበቅል ይችላል። ዕጢም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ነቀርሳ ሲሆን ሥር ሰዶ በአጠገቡ ያለውን ሥጋ ይበላል፤ ወደ ሌላም የአካል ክፍል ይዛመታል። ሁለተኛው በበቀለበት ስፍራ ተወስኖ የሚኖር ክፉ ያልሆነ ዕጢ ነው። ይሁን እንጂ ክፉ አይደለም ማለት ጉዳት የለበትም ማለት አይደለም፤ ሊደማ፥ የሽንቱንም መንገድ ሊዘጋ ይችላልና። ደግሞም በፊኛ ከሚገኙት ዕጢዎች የሚበዙት ነቀርሳ ስለ ሆኑ ማንም ሳይመረመር «የእኔስ ክፉ አይደለም» ብሎ ሊተማመን አይገባውም።

ዋናው ምልክት ደም የተቀላቀለበት ሽንት ነው። ብዙ ጊዜ ያለ ሕመም ይመጣል፤ አንድ ቀን ታይቶ ለሳምንታት ይጠፋል፤ በመጥፋቱም ታማሚውን ያታልለዋል። ደም ግን የዕጢ ብቻ ምልክት አይደለም፤ የኩላሊት ጠጠርም፥ የሽንት መንገድ ቁስለትም፥ በአዋሽ ሸለቆ ቆላ የሚገኘው የቢልሃርዝያ ትልም ያመጡታል። ስለዚህ ምክንያቱን ለይቶ መናገር የምርመራ እንጂ የግምት ሥራ አይደለም።

በቀድሞ ዘመን ሐኪም የሕያው ሰውን ፊኛ ውስጥ አጥርቶ የሚያይበት መሣሪያ አልነበረውም። ማክሲሚሊያን ኒትሴ የተባለ የጀርመን ሐኪም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1879 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚበራ ቀጭን ቱቦ በቪየና ለሐኪሞች ማኅበር አሳየ። ሲስቶስኮፕ የተባለው ይህ መሣሪያ በሽንት ቀዳዳ ገብቶ የፊኛን ግድግዳ ለዓይን ይገልጣል። በ1910 ዓ.ም. ደግሞ ኤድዊን ቢር የተባለ የኒው ዮርክ ሐኪም በዚሁ መሣሪያ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሽቦ አሳልፎ፥ ሆድ ሳይቀደድ የፊኛን ዕጢ ማቃጠል እንደሚቻል አስታወቀ።

የዛሬውም ሕክምና መሠረቱ ይኸው ነው። ሐኪሙ አስቀድሞ ሽንቱን ያስመረምራል፤ በአልትራሳውንድ ወይም በሲቲ ስካን ኩላሊቱን ያያል፤ ቀጥሎም በሲስቶስኮፕ ፊኛውን ይመለከታል። በፊኛው ዕጢ ባገኘ ጊዜ በኤሌክትሪክ ሽቦ ቆርጦ ያወጣዋል፤ ቁራጩም በማይክሮስኮፕ ይመረመራል። የዕጢው ጠባይ በእርግጥ የሚታወቀው በዚህ እንጂ በዓይን በማየት ብቻ አይደለም።

በኩላሊት የሚበቅለው አንጂዮማዮሊፖማ የሚባል ዕጢ ከደም ሥር፥ ከጡንቻና ከስብ የተሠራ ነው፤ ስለ ስቡም ብዙውን ጊዜ በሲቲ ስካን ይለያል። ትንሽ ሲሆን በየጊዜው እየታየ ይጠበቃል፤ ከ4 ሳንቲ ሜትር ሲበልጥ ግን መድማቱ ይበልጥ ስለሚያሰጋ ሐኪሞች ወደ ዕጢው የሚሄደውን የደም ሥር መዝጋት፥ ወይም ኩላሊቱን አትርፈው ዕጢውን ብቻ ማውጣት ይችላሉ።

እንግዲህ ሹም ለሠራተኞቹ፥ ካህንም ለንስሐ ልጆቹ ሊመክሩት የሚገባ ነገር ይህ ነው፤ በሽንት ላይ ደም አንድ ጊዜ ብቻ ቢታይም፥ ሕመምም ባይኖረው፥ ፈጥኖ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። ዕጢው ክፉ ካልሆነ ታማሚው ከሥጋት ያርፋል፤ ክፉም ቢሆን በጊዜ የተገኘ ደዌ ለመዳን የቀረበ ነው።