ትንሿን አውቶሞቢል ከፍ ስለ ማድረግና ጎማዋን ስለ ማተለቅ

በከተማችን ጎዳና ከሚመላለሱት አውቶሞቢሎች መካከል አንዳንዶቹ፥ ይልቁንም በአራቱም ጎማቸው የሚጐተቱት ትንንሾቹ፥ ከፋብሪካ እንደ ወጡ አይቀሩም። ባለቤቶቻቸው ሞላቸውን በረዥም ሞላ ያስለውጣሉ፥ ጎማቸውንም ያስተልቃሉ፤ የበሩም ደፍ እስከ ጕልበት እስኪደርስ ድረስ ከፍ ያደርጓቸዋል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ፥ ዐዲስ ከመመኘት ይልቅ በእጁ ያለችውን ጠብቆ ማሻሻልን የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። ሥራው ክፉ ነው አንልም፤ ወንዝና ድንጋይ እየተሻገረ ለሚዞር ሰው ጥቅሙ የታወቀ ነው። ነገር ግን የቤተ ሰብ አውቶሞቢል አሮጊቱም ሕፃኑም የሚሳፈርባት ስለ ኾነች፥ ከፍ ከማድረግ አስቀድሞ ለማን ከፍ እንደምትደረግ ማሰብ የሚገባ መኾኑን በገዛ ቤታችን ተምረናልና፥ ያየነውን ለአንባቢዎቻችን ለመግለጽ ወደድን።

የኛይቱ አውቶሞቢል ሱዙኪ ጂምኒ የምትባለው ናት። የጃፓኑ ፋብሪካ የመጀመሪያይቱን ጂምኒ ያወጣት በፈረንጅ ቍጥር በ1970 ዓ.ም. ሲኾን፥ ሞተሯ 359 ሲሲ ብቻ ነበረ፤ ዛሬ ከዚህ የሚበልጥ ሞተር ያላቸው ሞተር ሳይክሎች ብዙ ናቸው። በእጃችን ያለችው ግን በ2018 የወጣችው ዐይነት ናት፤ ሞተሯ 1,462 ሲሲ፥ ጕልበቷ 102 የፈረስ ኀይል ነው፤ ከመሬት እስከ ዝቅተኛው ክፍሏ ያለው ክፍተት 210 ሚሊሜትር ነው፤ ክብደቷም ወደ 11 ኩንታል ነው። እንደ ጭነት መኪና በሻንሲ ላይ የተሠራች ናት፤ የግራና የቀኝ ጎማዋ ከፊትም ከኋላም አክስል በሚባል አንድ ወጥ ብረት የተያያዘ ሲኾን፥ በዚያ ብረት ላይ ዲፈረንሻሉ እንደ ዕንቍላል አብጦ ወደ መሬት ተንጠልጥሎ ይታያል። አንባቢ ይህን ዲፈረንሻል በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

እናታችን የሚቀመጡት ከደብረ ብርሃን ወደ መንዝ በሚወስደው አገር ነው። ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ እስከ ደጃቸው ድረስ ያለው 14 ኪሎ ሜትር ፒስታ ነው፤ መጨረሻው 3 ኪሎ ሜትር ግን መንገድ መባሉም በትሕትና ነው። በአንዱ ስፍራ ዋልካ መሬት፥ በሌላው ጎርፍ የቦረቦረው ድንጋያማ ቍልቍለት አለበት። አምና በግንቦት የእናታችንን ዐይን ሞራ ጋርዶት የሰውን ፊት መለየት ስለ ተሳናቸው፥ ሐኪሙም ለቀዶ ጥገናው ቀን ስለ ቈረጠ፥ ክረምቱ መንገዱን ሳይዘጋው ወደ አዲስ አበባ ልናመጣቸው አሰብን። ከዚያ አስቀድሞ በሄድንበት ጊዜ አውቶሞቢላችን በዚያ ቍልቍለት ላይ ሆዷን ድንጋይ እየፋቃት ተቸግረን ነበርና፥ ወደ አንድ ጋራዥ ወስደን አሳየናት። መካኒኩም ትሑትና ፈጣን ወጣት ነበረ፤ «ጋሼ፥ ኹለት ኢንች ከፍ እናድርጋት፥ ትልቁንም ጎማ እናልብሳት፤ ከዚያ ወዲያ ድንጋይ አይነካትም» አለን። ባለቤታችን «እማማስ በምን ይወጣሉ?» ብላ ጠይቃ ነበር። እኛ ግን የድንጋዩን ነገር እንጂ የደረጃውን ነገር ስላላሰብን፥ ጥያቄዋ ሳይመለስ ቀረ።

የተደረገውም ይህ ነው። አራቱ ሞላዎች ወጥተው 50 ሚሊሜትር ከፍ በሚያደርጉ ሞላዎች ተለወጡ፤ ሾክ አብዞርበሮቹም በረዣዥሞች ተተኩ። 195/80 አር 15 የነበረው ጎማ 235/75 አር 15 ኾነ። የዚህን ቍጥር ትርጓሜ ለማያውቅ ሰው እንግለጸው። የመጀመሪያው ቍጥር የጎማው ወርድ በሚሊሜትር ነው፤ ኹለተኛው ከቸርኬው ጠርዝ እስከ ጎማው ጥርስ ያለው ቁመት ከወርዱ በመቶ ስንት እጅ እንደ ኾነ ያስረዳል፤ 15 የሚለው ጎማው የሚገባበት ቸርኬ ከዳር እስከ ዳር ስንት ኢንች እንደ ኾነ ያሳያል። ይህ ሲታሰብ የዱሮው ጎማ ቁመት 693 ሚሊሜትር፥ የዐዲሱም 733 ሚሊሜትር ገደማ ይኾናል። ልዩነቱ 40 ነው፤ ነገር ግን አክስሉ የሚገባው በጎማው መካከል ስለ ኾነ፥ ከፍ የሚለው በግማሹ፥ ማለት በ20 ሚሊሜትር ብቻ ነው።

እንግዲህ ያስያዝነውን ዲፈረንሻል እናንሣ። ሞላ የሚቀመጠው በአክስሉና በሻንሲው መካከል ነው። ስለዚህ የሞላው መርዘም ሻንሲውን ከአክስሉ ያርቀዋል እንጂ አክስሉን ከመሬት አያርቀውም። ብዙ ገንዘብ የከፈልንበት 50 ሚሊሜትር የአውቶሞቢሏን ሆድ ከፍ አደረገ፥ ዲፈረንሻሉን ግን በነበረበት ተወው፤ እርሱን ያነሣው ጎማው ብቻ ነው፥ ያውም በአንድ ጣት ያህል። የሆድ ከፍ ማለት ጥቅም የለውም ማለታችን አይደለም፤ ጕብታ ስትሻገር ሆዷ እንዳይቀመጥ ይረዳል፥ ከፊትና ከኋላም ዳገት ስትጀምር አፍንጫዋ መሬት እንዳይወጋ ያደርጋል። ነገር ግን በመንገድ መካከል ለተተከለ ድንጋይ መድኀኒቱ ሞላ አይደለም። ይህን ያወቅነው ግን በሒሳብ አስቀድመን ሳይኾን፥ በድንጋዩ ላይ ከደረስን በኋላ ነው።

በሰኔ መጀመሪያ ሄድን። እውነቱን ለመናገር በመሄጃው ደስ አለን፤ ቀድሞ ሆዷን ይፍቃት የነበረው እንደ ደረጃ ያለ ድንጋይ ሳይነካት አለፈች፥ ልጃችንም ከኋላ ወንበር ኾኖ አጨበጨበ። ጥቂት እልፍ እንዳልን ግን የፊቱ ዲፈረንሻል ከአንድ ድንጋይ ጋራ ተጋጨ፤ ድምፁ እንደ ደወል ነበረ። ልጃችን ማጨብጨቡን ተወ።

እናታችን ነጠላቸውን አጣፍተው ምርኩዛቸውን ይዘው በደጅ ቆመው ጠበቁን። ከሰላምታው በኋላ በሩን በእጃቸው ዳሰሱ፥ ቀጥለውም ወንበሩን ፈለጉ፤ ወንበሩ ግን እጃቸው በሚያውቀው ስፍራ አልነበረም፥ በ7 ሳንቲሜትር ከፍ ብሏልና። 7 ሳንቲሜትር ለጐልማሳ ሰው ምንም አይደለም። ጕልበታቸው ለደከመ፥ ዐይናቸውም ለተጋረደ የ80 ዓመት እናት ግን ግንብ ነው። አንድ ጊዜ እግራቸውን አነሡ፥ አልደረሰም። ኹለተኛ አነሡ፥ ከደፉ ላይ ተንሸራትተው በክንዳችን ላይ ወደቁ። በመጨረሻም እኛና አንድ ጎረቤታቸው ግራና ቀኝ ብብታቸውን ይዘን አነሣናቸው፤ መንደሩም ኹሉ ቆሞ ያይ ነበር። እናታችን ከተቀመጡ በኋላ ነጠላቸውን አስተካክለው ዝም አሉ፤ ቈየት ብለውም «ልጄ፥ እንደ ገብስ ጆንያ ጫናችሁኝ» አሉን። ተቈጥተው አልነበረም፤ ይህም ይበልጥ ከበደን።

በመመለሻው መንገዱ ወደ ገደሉ ያዘነበለበት ስፍራ አለ። በዱሮው ቁመቷ ብዙ ጊዜ ያለፍንበት ነው። የግራና የቀኝ ጎማዋ ርቀት 1,400 ሚሊሜትር ገደማ ሲኾን፥ ቁመቷ ከፋብሪካ ስትወጣም ከ1,700 ሚሊሜትር በላይ ነበረ፤ በዚህ ላይ 7 ሳንቲሜትር መጨመር በጠባብ ቤት ላይ ሰገነት እንደ መሥራት ነው። እኛም ይህ ሳይበቃን እናታችን ለልጅ ልጆቻቸው ያዘጋጁትን እህል በጣሪያዋ ላይ ጭነን ነበር። ወደ ጐን ስታዘነብል በላይኛው በኩል ያለው ጎማ እየቀለለ መሄዱ በመሪው ላይ ተሰማን። ቆምን። ባለቤታችንና ልጃችን ወረዱ፥ እህሉም ወረደ፥ እናታችንንም እንደ ገና በክንድ አወረድናቸው። ባለቤታችን እጃቸውን ይዛ ስትመራቸው «ገደሉ የት ነው?» ብለው ጠየቁ። «ሩቅ ነው» አልናቸው፤ ከቆሙበት ግን ኹለት ክንድ አይሞላም ነበር። ባዶዋን አውቶሞቢል እጅግ በቀስታ አሳለፍናት፤ ከዚያ በኋላ እንደ ገና ጫንናቸው፥ ከዚህ የተሻለ ቃል የለንም።

ቀዶ ጥገናው በተቈረጠለት ቀን በደኅና ተፈጸመ። እናታችን በቤታችን ሲያገግሙ አውቶሞቢሏን ወደ ሌላ ጋራዥ ወስደን፥ በሥራው ላይ ለሸመገሉ መካኒክ አሳየናት። እርሳቸውም በክሪክ አንሥተው አክስሉ ወደ ታች እንዲንጠለጠል ካደረጉ በኋላ እጃችንን ይዘው የፍሬኑን ላስቲክ ቱቦ አስነኩን፤ እንደ ክራር ጅማት ተወጥሯል። ሞላው ሲረዝም ቱቦው አብሮ አልረዘመም፤ አንድ ጎማ በጕድጓድ ላይ ቢንጠለጠል ሊበጠስ ይችል ነበር። ይህን ሲያሳዩን እናታችንን በገደል ዳር ያሳለፍንበት ሰዓት ትዝ አለንና ጥቂት ተቀመጥን።

ሌላውንም እንዲሁ በተራ አሳዩን። አክስሉን የሚይዙት ክንዶች ሻንሲው ከፍ ሲል አቅጣጫቸው ስለሚለወጥ የፊቱን አክስል ጥቂት ያዞሩታል፤ ስለዚህ መሪው ከተጠመዘዘ በኋላ በራሱ መመለስን ይተዋል፥ አውቶሞቢሏም በአስፋልት ላይ ወዲያና ወዲህ ትዋልላለች። እኛ ይህን ነፋስ ያመጣው መስሎን ነበር። አክስሉን በአግድም የሚይዘው ዘንግም እንዲሁ ወደ አንድ ጐን ስለሚስበው፥ ርዝመቱ በሚስተካከል ዘንግ ሊለወጥ ይገባው ነበር። መሪው እስከ መጨረሻ ሲዞር ጎማው የፓራፋንጎውን ውስጥ ይፍቅ ነበር፤ መብራቱ በፊት ለፊት የሚመጣውን ሰው ዐይን ይመታ ነበር። ሞላዎቹ ደግሞ የብረት መከላከያና መጎተቻ ለሚሸከሙ አውቶሞቢሎች የተሠሩ ጠንካሮች መኾናቸውን ነገሩን፤ የኛይቱ ይህ ኹሉ ስለሌላት፥ በየጕድጓዱ እየዘለለች የእናታችንን ወገብ ያደቀቀችው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ጕልበቷም ሒሳብ ሠሩልን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስለ ኾነች አየሯ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ከፍታ ከጕልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፥ ከ102ቱ የፈረስ ኀይል የሚቀረው 80 ገደማ ነው። የትልቁ ጎማ ዙሪያ ከዱሮው በመቶ 6 ያህል ስለሚበልጥ ለሞተሩ ማርሽ እንደ ማክበድ ነው፤ በዳገት 3ኛ ማርሽ ይበቃት የነበረችው 2ኛ የምትለምነው ስለዚህ ነው። የፍጥነት መለኪያውም በዚያው ልክ አሳንሶ ይናገራል። ፍሬኑ ግን ያው ለትንሹ ጎማ የተሠራው ነው፥ የከበደውን ጎማ እያቆመ ይደክማል። በኋላ በር ላይ የሚንጠለጠለው ቅያሪ ጎማም ስለ ከበደ ማጠፊያው መላላት ጀምሮ ነበር።

በሽማግሌው ምክር 30 ሚሊሜትር ብቻ ከፍ የሚያደርግ ለስላሳ ሞላ አስገባን፥ ረዥም የፍሬን ቱቦ አስቀጠልን፥ የአክስሉንም አቅጣጫ የሚመልሱ ቡሾች አስገጠምን። ጎማውን ወደ 215/75 አር 15 መለስነው፤ ቁመቱ 703 ሚሊሜትር ገደማ ስለ ኾነ አክስሉን የሚያነሣው በ5 ሚሊሜትር ብቻ ነው፥ ጥርሱ ግን ለድንጋይና ለጭቃ የሚኾን ነው። በዲፈረንሻሉ ሥር ወፍራም የብረት መከለያ ተበየደ። የፊቱን ሞላና ጎማ ከገዛንበት በግማሽ ዋጋ ሸጥነው። ከዚህ ኹሉ ይልቅ የጠቀመን ግን ምንም ዋጋ ያላስከፈለን ነው፤ ፒስታው ሲጀምር የጎማውን ነፋስ ጎሚስታው በሚለካበት ቍጥር ከ26 ወደ 18 ማውረድ። ጎማው ይተኛል፥ ድንጋዩን ያቅፈዋል፥ ተሳፋሪውም አይናጥም። ነገር ግን ወደ አስፋልት ሲመለሱ መልሶ መንፋት ግድ ስለ ኾነ፥ ትንሽ መንፊያ ሳይዙ ይህን ማድረግ አይገባም።

ለመስቀል እናታችንን ወደ አገራቸው መለስናቸው። በዚያው ያዘነበለ ስፍራ ላይ ስንደርስ፥ ምንም እንኳ የሚያስፈራ ባይኾን፥ ቆመን እንዲወርዱ ለመንናቸው። ባለቤታችን ከኋላ ወንበር ሥር አንዲት በርጩማ አውጥታ ከደፉ በታች አኖረች። እናታችን በርጩማዋን ረግጠው በራሳቸው ወረዱ፤ ወደ ዳሩ ጠጋ ብለው ዘቅዝቀው አዩና «ሩቅ ነው ያላችሁኝ ይህን ነው?» አሉን። መልስ አልነበረንም።

ይህን ሥራ የሚያሠራ ሰው እንዳይረሳው አንድ ነገር ይቀረናል። ሽማግሌው መካኒክ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ተመልሰን ብሎኖቹን ኹሉ ዳግም እንድናስጠብቅ አዝዘውን ነበር። ከመንዝ እንደ ተመለስን ወሰድናት፤ ከኋላው ክንድ ኹለት ብሎኖች ሩብ ዙር ያህል ላልተው ተገኙ።