ጆንያው ምን ይላል?

እህልን ለመለየት ፊደል መቁጠር አያስፈልግም። የሐይቅም ሆነ የአምባሰል ገበሬ ጤፍን ከዳጉሳ፣ አተርን ከጓያ በዓይኑ ይለያል። በጥርሱ ሰበር አድርጎም መድረቅ አለመድረቁን ያውቃል። እኔ የከተማ ልጅ ስለሆንኩ ይህን የምማረው ከእናንተ ነው።

ታዲያ ዓይንና ጥርስ የማይበቁት መቼ ነው? እህሉ ሲፈጭ፣ መድኃኒት ሲቀባ ወይም ከሩቅ አገር ሲመጣ ነው። ጓያ ከአተር ጋር ተፈጭቶ ሽሮ ከሆነ በኋላ ማን ይለየዋል? በ1980ዎቹ መጨረሻ ደላንታ ውስጥ ሌላው ሰብል በድርቅ ጠፍቶ ጓያ አዘውትረው የበሉ ብዙ ሰዎች እግራቸው ሽባ ሆኗል።

ኢራቅ በምትባለው አገር በ1964 ዓ.ም. የደረሰውን ልንገራችሁ። ወሎን ክፉኛ ከመታው ከ1965ቱ ድርቅ ጥቂት ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። በኢራቅም ድርቅ ሆኖ ሰብል ስለጠፋ መንግሥት ከሜክሲኮ ብዙ የስንዴ ዘር ገዛ። ዘሩ እንዳይሻግት ሜርኩሪ ያለበት መርዝ ተቀብቷል። ምግብ አለመሆኑ እንዲታወቅም በቀይ ቀለም ተነክሯል። ጆንያው ላይ ማስጠንቀቂያ ነበረ፤ ነገር ግን የተጻፈው በስፓኒሽና በእንግሊዝኛ ነው። የአገሩ ገበሬ የሚናገረው ግን ዓረብኛና ኩርድኛ ነው። የራስ ቅልና የአጥንት ሥዕልም ነበረበት። ሥዕሉ የመርዝ ምልክት መሆኑን ብዙው ሰው አላወቀም።

ዘሩ ለብዙ ቦታ የደረሰው የመዝሪያው ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። ቤት ውስጥ የተራበ ልጅ አለ፤ ስንዴም አለ። ቀለሙን አጠቡት። ውሃው ቀላ፣ ስንዴው ነጣ፤ መርዙም አብሮ የሄደ መሰላቸው። አንዳንዱ ጠንቃቃ በመጀመሪያ ለዶሮ ሰጥቶ ሞከረ። ዶሮዋ ምንም አልሆነችም። ይህ መርዝ ግን ቶሎ አይታይም፣ ሳምንታት ይቆያል። ከዚያ በኋላ እጅና እግር ይደነዝዛል፣ መራመድ ያቅታል፣ ዓይን ይጠፋል። 6,530 ሰዎች ሆስፒታል ገቡ፤ ከእነዚህም 459ኙ ሞቱ። ሆስፒታል ሳይደርስ የሞተው በዚህ ቁጥር ውስጥ የለም። እነዚያን ገበሬዎች ሞኞች ናቸው የሚል ካለ እኔ አልስማማም። በዶሮ መሞከራቸው ብልህነት ነው። የጎደላቸው በቋንቋቸው የተጻፈ አንድ መስመር ነው።

ዛሬ በሜርኩሪ ፈንታ ሌላ መድኃኒት ነው ዘር ላይ የሚቀባው። እሱም ቢሆን ለሰውም ለከብትም አይሆንም፤ ታጥቦም አይበላም። በምርጥ ዘር ጆንያ ላይ ትንሽ ወረቀት ተሰፍታ ትመጣለች። ልጆች ቀድደው እንዳይጫወቱባት ያዙልኝ። የሰብሉን ዓይነትና የዝርያውን ስም፣ ለምሳሌ «ጤፍ፣ ቁንጮ» ትላለች። ከመቶው ስንቱ እንደሚበቅል፣ በየትኛው ዘመን እንደተመረተም ትናገራለች። ሎት የሚባል ቁጥርም አለባት። ሎት ማለት አብረው የተዘጋጁ ጆንያዎች የጋራ ቁጥር ነው። ያንዱ ዘር አልበቅል ቢል በዚያ ቁጥር ወንድሞቹ ሁሉ በየቀበሌው ተፈልገው ይገኛሉ። ወረቀቷ ከጠፋች ግን «የኔ አልበቀለም» ማለት እንጂ የትኛው እንደሆነ ማሳየት አይቻልም።

ይሁንና የተጻፈ ሁሉ እውነት አይደለም። በአገራችን «አንድ ማዳበሪያ ጤፍ» እንላለን። ከረጢቱ ዩሪያ ይዞ መጥቶ፣ ባዶውን ሲቀር እህል ስለምንጭንበት ስሙም አብሮት ቀረ። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ሐይቅ ላይ ቆማችሁ የሚያልፈውን መኪና ብታዩ፣ ላዩ «ዩሪያ» የሚል ከረጢት ውስጥ ማሽላ ይኖራል። የእርዳታ ስንዴ የነበረበት ከረጢት ደግሞ ባቄላ ይዟል። «50 ኪሎ» የሚለውም ጽሑፍ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ነው የሚያወራው። ዛሬ ያለውን የሚናገረው ሚዛን ነው። መድኃኒት የተቀባ ዘር ወይም የተባይ መርዝ የነበረበትን ከረጢት ጨርሶ ለእህል አታውሉት። በሌላው ላይ የድሮውን ጽሑፍ ሰርዙና በራሳችሁ እጅ ጻፉ፦ «ማሽላ፣ የ2017 ምርት፣ የሚበላ»። ለዘር ያስቀመጣችሁት ላይ ደግሞ «ዘር፣ አይበላም» በሉ።

አንድ ነገር በሁለት ቋንቋ ሲጻፍ ሁለቱ ካልተስማሙ ምን እንደሚመጣ አምባሰል ታውቃለች። በ1881 ዓ.ም. ውጫሌ ላይ የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጹ በአማርኛ አንድ፣ በጣልያንኛ ሌላ ይል ነበር። የዘመን ቁጥርም እንደዚሁ ነው። በዘይት ጀሪካን ላይ የሚጻፈው የፈረንጅ ዓመት ነው። እሱም ከእኛ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማብቂያ ገደማ በ7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን በ8 ይበልጣል። ጀሪካኑ ላይ «3/2026» የሚል ብታገኙ፣ ገና ብዙ ዓመት ቀረው አትበሉ። 3 ማለት ሦስተኛው ወራቸው ማርች ነው፤ በእኛ ከየካቲት 22 እስከ መጋቢት 22 ይውላል። ከ2026 ላይ 8 ሲቀነስ 2018 ይሆናል። እንግዲህ ያ ዘይት የሚቆየው እስከ መጋቢት 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ብቻ ነው።