ጥያቄ አውጪው ተማሪ፦ የቤት ሥራና የችግር ፈቺነት ክህሎት በምሕንድስና ትምህርት

በምሕንድስና መማሪያ መጻሕፍት በየምዕራፉ መጨረሻ የሚቀርቡ ጥያቄዎች አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ ለመልሱ የሚያስፈልገው መረጃ ሁሉ ተሰጥቷል፣ የማያስፈልገው ተወግዷል። ምን ይለካ፣ ምንስ ቸል ይባል የሚለውን ደራሲው አስቀድሞ ስለወሰነው፣ ለተማሪው የሚቀረው ቀመር መርጦ ቁጥር መተካት ነው። መልሶቹ በኢንተርኔት መገኘታቸው ደግሞ ይህንኑ ጥቂት ድርሻ አሳንሶታል።

ተማሪው ራሱ ጥያቄ አውጥቶ እንዲፈታ ሲታዘዝ ግን ውሳኔው ወደ እርሱ ይመለሳል። 2 ኪሎ ዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ውኃ ማፍያ 2 ሊትር ውኃን ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንሥቶ በ3 ደቂቃ ያፈላል የሚል ጥያቄ ያረቀቀ ተማሪ፣ መፍትሔውን ሲሠራ ስሌቱ አልገጥም ይለዋል። ውኃውን 100 ዲግሪ ለማድረስ 669 ኪሎ ጁል ገደማ ያስፈልጋል፤ በ3 ደቂቃ የሚገኘው ግን 360 ብቻ ነው። ወደ ውጭ የሚባክነው ሙቀት ባይታሰብ እንኳ ከ5 ደቂቃ ተኩል ያላነሰ ጊዜ ይጠይቃል። ጉዳዩ በዚህም አያበቃም፤ ማፍያው ያለው አዲስ አበባ ከሆነ፣ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነውና ጊዜው ወደ 5 ደቂቃ ይወርዳል። 100 ዲግሪ የሚለው ቁጥር የባሕር ወለልን የአየር ግፊት ታሳቢ ማድረጉ በተዘጋጀ ጥያቄ ውስጥ ሳይስተዋል ያልፍ ነበር።

ቺ፣ ፌልቶቪች እና ግሌዘር በ1981 ባሳተሙት ጥናት፣ ጀማሪዎች የፊዚክስ ጥያቄዎችን በውጫዊ መልካቸው፣ ባለሙያዎች ግን በመሠረታዊ መርሓቸው እንደሚመድቡ አሳይተዋል። ጥያቄ ማውጣት ከመርሕ ተነሥቶ ወደ መልክ መሄድን ስለሚጠይቅ፣ ተማሪውን በባለሙያው መንገድ ያስኬደዋል።

ይህ ግን በራሱ የሚመጣ አይደለም። ከመጽሐፍ ቀድቶ ቁጥሩን ብቻ መለወጥ ቀላል ነው። የኬሚካል ምሕንድስና መምህሩ ሪቻርድ ፌልደር በ1985 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ተማሪዎቹ ፈተናቸውን ራሳቸው አውጥተው እንዲፈቱ ሲያዝ፣ «ይህ ከተሰጠ ያንን አስላ» ከሚለው ያላለፈ ሥራ ለጥቂት ብቻ እንደሚያሳልፍ አስቀድሞ አሳውቋል። የእርማት ጫናም አለ፤ 60 ተማሪ 60 ልዩ ልዩ ጥያቄ ያመጣል። አንዱ የሌላውን ጥያቄ አስቀድሞ እንዲፈታ ማድረግ ጫናውን ያቃልላል፤ ያልተጻፈ ታሳቢም ፈጥኖ የሚጋለጠው በዚያ ነው። ነጥብ አሰጣጡ የመጨረሻውን ጥያቄ ብቻ ከተመለከተ ግን ተማሪው ያንን የ3 ደቂቃ ረቂቅ ደብቆ ይጥለዋል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ረቂቅ ከነእርማቱ አብሮ ሊቀርብና ነጥብ ሊያዝለት ይገባል።