ዓይን ሲዘል ሆድ ይፈተሻል

በወጉ መራመድ ጀምሮ የነበረ የዓመት ከመንፈቅ ሕፃን በጥቂት ቀናት ውስጥ እንደ ሰከረ ሰው መንገዳገድ ይጀምራል። ቆይቶ መቆም፣ አንዳንዴም መቀመጥ ያቅተዋል። እጅና እግሩ በድንገት እየተወራጨ ዕቃ ከእጁ ያስጥለዋል። ሌሊት እንቅልፍ የለውም፤ ቀን ይነጫነጫል፣ እናቱ እንኳ ብታባብለው እሺ አይልም። ዓይኖቹ ደግሞ ሁለቱም አንድ ላይ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ያለ ፋታ ይዘላሉ።

ሕመሙ ኦፕሶክሎነስ ማዮክሎነስ ሲንድሮም ይባላል። የመጀመሪያው ቃል የዓይኑን፣ ሁለተኛው የጡንቻውን መወራጨት ያመለክታል። እ.ኤ.አ. በ1962 ማርሴል ኪንስቦርን የተባለ ሐኪም በእንግሊዝ የስድስት ሕፃናትን ሁኔታ በዝርዝር ጽፎ ስላሳተመ በእሱ ስም የሚጠሩትም አሉ። በብሪታንያ የተደረገ ጥናት በዓመት የሚያዙት ከ10 ሚሊዮን ሕዝብ ሁለት እንኳ እንደማይሞሉ አሳይቷል። አንድ የሕፃናት ሐኪም አንድም ሳያይ ጡረታ ሊወጣ ይችላል ማለት ነው፤ ችግሩም ከዚህ ይጀምራል።

በብዛት የሚታወቀው የዓይን መርገብገብ፣ ኒስታግመስ፣ ምት አለው፦ ዓይን በዝግታ ወደ አንድ ጎን ይንሸራተትና ፈጥኖ ይመለሳል። ኦፕሶክሎነስ ግን ምትም አቅጣጫም የለውም። ልጁ ዓይኑን ሲጨፍን፣ ተኝቶም ሳለ አይተወው ይሆናል፤ ከዓይን ቆቡ ሥር ሲንቀሳቀስ ይታያል። ደግሞ ሄድ መለስ ይላል። ሐኪም ፊት ሲደርስ ጋብ ሊል ስለሚችል ወላጅ በስልኩ የቀረጸው ቪዲዮ ብዙ ጊዜ ከምርመራ ክፍሉ የበለጠ ይናገራል። ዓይኑ ከመንገዳገዱ ሳምንታት ዘግይቶ መዝለል የሚጀምርበትም ጊዜ አለ። ያኔ “ጉንፋን ያስከተለው ነው፣ በራሱ ይተዋል” ተብሎ ልጁ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ነገሩ ከባድ የሚሆነው ምንጩ ሲታይ ነው። ከታመሙት ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ኒውሮብላስቶማ የተባለ ካንሰር አለባቸው። ይህ ካንሰር ገና ካልበሰሉ የነርቭ ሴሎች ይነሣል፤ ከኩላሊት በላይ ባለው አድሬናል ዕጢ ወይም ከአከርካሪ ጎን፣ በሆድ ወይም በደረት ውስጥ ያድጋል። የሰውነት መከላከያ ካንሰሩን ባዕድ ነው ብሎ ይነሣበታል። ግን የካንሰሩ ሴሎችና የአንጎል ሴሎች የሚመሳሰሉበት ነገር ስላለ ጥቃቱ ወደ አንጎልም፣ በተለይም ሚዛንንና የእንቅስቃሴን ቅንጅት ወደሚቆጣጠረው ሴሬቤለም እንደሚዞር ይታመናል። በቀረው ግማሽ ካንሰር አይገኝም፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የነበረ የቫይረስ ሕመም ይጠረጠራል።

ስለዚህ የሚዘል ዓይን ያየ ሐኪም ዓይንና አንጎል ላይ ብቻ ማተኮር የለበትም፤ ደረትን፣ ሆድንና ዳሌን በኤምአርአይ ወይም በሲቲ ስካን ይፈትሻል። ካንሰሩ ብዙ ጊዜ ትንሽ ስለሆነ አልትራሳውንድ ሊስተው፣ የሽንት ምርመራውም ጤናማ ሊመስል ይችላል። አዋቂዎችም አልፎ አልፎ ይያዛሉ፤ በእነሱ የሚፈለገው በተለይ የሳንባና የጡት ካንሰር፣ በወጣት ሴቶች የማሕፀን እንቁላል ዕጢ ላይ የሚወጣ ቴራቶማ ነው።

ኒውሮብላስቶማ ኖሮባቸው ዓይናቸው የሚዘል ልጆች ከካንሰሩ የመዳን ዕድላቸው ከሌሎቹ ይሻላል። ያ አንጎላቸውን ያወከ ጥቃት ካንሰሩንም ሳይገታው አይቀርም። ዕድል ማለት ግን ይከብደኛል። ካንሰሩ በቀዶ ሕክምና ቢወጣም የተቀሰቀሰው መከላከያ በዚያው አይበርድም፤ ብዙዎቹ የመናገር፣ የመማርና የጠባይ ችግር ለዓመታት ይከተላቸዋል።

ሕክምናው ይህንን መከላከያ ማብረድ ነው፦ ስቴሮይድ ወይም ኤሲቲኤች የተባለው ሆርሞን፣ ከለጋሾች ደም የሚዘጋጅ ኢሚውኖግሎቡሊን፣ ሳይክሎፎስፋማይድና ሪቱክሲማብ የተባሉት መድኃኒቶች። እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ በታተመ፣ ኒውሮብላስቶማ ያለባቸው 53 ልጆች በተሳተፉበት ሙከራ፣ ከስቴሮይድና ከሳይክሎፎስፋማይድ ጋር ኢሚውኖግሎቡሊን ከተጨመረላቸው 81 በመቶው ሲሻላቸው፣ ካልተጨመረላቸው የተሻላቸው 41 በመቶው ናቸው። መድኃኒቱ የሚቀነሰው ቀስ በቀስ ነው። በቅነሳው መሐል፣ ወይም ተራ ጉንፋን ሲይዘው፣ የልጁ ዓይን እንደገና ሊዘል ይችላል፤ ያን ጊዜ መጠኑ ተመልሶ ከፍ ይላል።