ከአሮጌ ሸክላ የሚመለስ ድምፅ

ከቤይሩት ወጣ ብሎ በመትን ተራራማ አካባቢ በምትገኘው ቁርነት አል ሐምራ፣ የአረብ ሙዚቃ መዛግብትና ምርምር ተቋም የሆነው «አማር» ከመቶ ዓመት በፊት የተቀረጹ ሸክላዎችን ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ2009 የተመሠረተው ይህ ተቋም፣ በ1911 ያረፉትን ግብፃዊ ድምፃዊ የሸኽ ዩሱፍ አል መንየላዊን ሥራዎች በ10 ሲዲዎች አሳትሟል።

በዚያ ዘመን ሸክላ የሚቀረጸው ያለ ማይክሮፎን ነበር። ድምፃዊው ወደ ትልቅ መለከት ያዜማል፤ ንዝረቱም መርፌ እያንቀሳቀሰ በሰም ላይ መስመር ይቀርጻል። ሸክላው የሚታተመው ከዚያ ቅርጽ ነው።

ድምፁን መልሶ ማውጣት ትዕግሥት ይጠይቃል። በመጀመሪያ ሸክላው በጥንቃቄ ይጸዳል። ቀጥሎ ለመስመሩ ስፋት የሚስማማ መርፌ ይመረጣል፤ የቀድሞ መርፌዎች ያልበሉት የመስመሩ ክፍል ድምፁን አጥርቶ ይሰጣልና። ፍጥነቱም ይመረመራል። የጥንት ሸክላዎች ሁሉ በደቂቃ 78 ዙር አልተቀረጹም፤ ፍጥነቱ ከበዛ ድምፁ ይቀጥናል፣ ካነሰ ይጎረናል። በመጨረሻ ሽሽታው ይቀነሳል። ነገር ግን ከልክ በላይ ከተቀነሰ የድምፃዊው ትንፋሽ አብሮ ይጠፋል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያውያንም ቅርብ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ከ1908 እስከ 1910 በበርሊን ሸክላ አስቀርጸዋል፤ የቤይሩቱ «በይዳፎን» ኩባንያም ሸክላዎቹን ያሳትም የነበረው በዚያችው ከተማ ነው።

ስለዚህ በቤቱ የአያቶቹን ሸክላ ያስቀመጠ ሰው በአልኮል አይጥረገው፤ አልኮል የጥንቱን ሸክላ ያሟሟዋል። አቁሞ በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ያኑረው። የተፋቀ መስመር በምንም ጥበብ አይመለስም።